ለቢራራ የመጣ መርዶ

ቢራራ ዓይኑ አያይም እንጂ ጁባ ውስጥ የሱን ያህል ሰው የሚያውቅ የለም። የሆቴላችን ስልከኛ ነው፤ የዓባይ ጀልባ ወደቡ አጠገብ ወዳለው ሆቴል ደውላችሁ ከሆነ ያ ሞቅ ያለ ድምፅ የሱ ነው። የእጅ ስልኩ የመጣለትን መልእክት በእንግሊዝኛ ያነብለታል፤ እኔ ጆሮዬ በማይከተለው ፍጥነት ሲያስለፈልፈው ስንቴ ቀንቻለሁ። እኔ እንግዳ ተቀባይዋ ሰናይት ነኝ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

ያ ከተማዋን ያመሳት የሐምሌው ተኩስ ባለፈ በዓመቱ ቢራራ ውሃ አልጠግብ አለ። ከሳ፣ ሱሪው ከወገቡ ይወርድ ጀመር። ካቶር ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ እሱን ትቶ “ምኑን ነው የሚያመው?” እያለ እኔን ይጠይቃል። ቢራራ ራሱ በዓረብኛ መለሰለት፤ ሰውዬው አሁንም ወደ እኔ ዞረ። ደሜ ፈላ። ደም ከሰጠ በኋላ ውጤቱ ከኮምፒውተር በቀጥታ በስልክ እንደሚላክ ተነገረን፤ ቢራራ ቁጥሩን ደጋግሞ ጠራ። ዕድሜውን ሙሉ የምርመራ ወረቀቱን ሰው ነው ሲያነብለት የኖረው፤ በሽታውን ጎረቤት ያውቅና እሱ ኋላ ይሰማል።

“ይኼኛውን ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ” አለኝ።

መልእክቱ ግን አልመጣም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር ይነጥቀዋል፤ ማስታወቂያ ነው። ወንበሩ ላይ አልረጋ አለ፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። ክሊኒኩ ጋ ሲደውል ተልኳል ይሉታል። እሱ ሲገባ ወሬ መቋረጥ ጀመረ። ወጥ ቤቷ ማናህሎሽ ሻዩን ባዶውን ታቀርብና ስኳር አለቀ ትላለች። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ገብረመድኅን፣ ሰላምታ እንኳ የሚሰስቱት ሰው፣ ትከሻውን ደበስ እያደረጉ ያልፋሉ። ምን ሆኜ ነው እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? ምላሴን ፈርተው ከእኔም ደብቀዋል!

አንድ ማለዳ ጋሽ ገብረመድኅን ነጠላቸውን ደርበው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው የቢራራን በር አንኳኩ። ሆቴሉ ግቢ ያለው ክፍሌ ከሱ ቀጥሎ ነውና እኔም ወጣሁ። ሀገር ቤት መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ እኛም ይዘነው መጥተናል። ቢራራ የእግሩን ብዛት ሰማ፤ ደህና አደርክ እንኳ የሚለው ጠፋ። “እናቴን!” ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ደረቱን እየደቃ ስሟን እየጠራ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ተደናግጠው፣ ኧረ እናትህ ደህና ናቸው፣ አንተን ነው ስኳር የያዘህ እያሉ ቢጮሁም እስኪሰማቸው ቆየ።

ነገሩ ወዲያው ወጣ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ፣ ለዕውር መልእክት ምን ያደርግለታል ብሎ፣ ከቢራራ የሥራ መታወቂያ ላይ የጋሽ ገብረመድኅንን ቁጥር አስገብቶ ኖሯል። እሳቸው ደግሞ ደግ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው በድንገት አይነገርም ብለው ሽማግሌ ሲያፈላልጉ ለወጥ ቤቱም፣ ለዘበኛውም፣ ለማኅበርተኛውም አወሩ። ሁሉም ከልቡ አዘነለት። መድኃኒት ያስጀመረው ግን አንድ ሰው የለም።

ቢራራ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ተነሳ።

“ጋሼ፣ አሁን እዚች መሬት ላይ እናቴን ቀበርኳት። ለስኳር ብዬ።”

ጋሽ ገብረመድኅን አንገታቸውን ደፉ። ቢራራ ልከተልህ ብዬው እምቢ ብሎኝ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ብቻውን ክሊኒኩ ሄደ። የሳቸውን ቁጥር አስፍቆ የራሱን አስገባ፤ ስልኩ ሲያነብ ለኃላፊው አሰምቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰ።

ከወራት በኋላ የክትትሉ ምርመራ ውጤት መጣ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማው፤ ደግሞ ሰማው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። እኔ ከጠረጴዛዬ ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ፤ ምን ይላል አልኩት።

“ለእኔ ነው የመጣው፣ ሰናይት” አለኝና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እውነቱን ነው። ስለሱ ከስንቱ ጋር የተጣላሁት ለዚሁ ነው። ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሻዩን በጠጣ ቁጥር ፊቱን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ።