ከሻይ በኋላ የተባለው

ባለፈው ሐሙስ የእህቴን ልጅ ቤቲን ከሩጫ ልምምድ ልወስዳት ሆዳን ወደሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ሄጄ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አሰልጣኟ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነው፤ ስለ ልጆቹ ሲያወራ ግን የሽማግሌ ጥንቃቄ አለው። ቤቲ ጫማዋን ልትቀይር ዞር ስትል፣ መጨረሻው ዙር ላይ ሌሎቹ ሲደክሙ እሷ ገና መጀመሯ እንደሆነ፣ በተሸነፈች ጊዜ ግን ሦስት ቀን እንደምታኮርፍ ነገረኝ። ከዚያ በፈረንሳይኛ፣ ፊት ለፊት ማመስገን አልችልበትም፣ እርስዎ ይንገሩልኝ አለኝ። ወደ ቡላኦስ ሰፈር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገና በቅጡ ሳንቀመጥ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። ልጅቷ ግራ ገብቷት፣ «አክስቴ፣ ምን እንዲህ ያስቸኩልሻል?» አለችኝ።

ያስቸኮለኝን ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አያቴ ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ ገብተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማሊኛ እያወራሁ አደግሁ። በአንድ ትንሽ የሩጫ ክለብ ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን። ፀሐይዋ ሳትከር ባሕሩ አጠገብ አሸዋ ላይ እንሮጣለን። ካምሲን የሚባለው የሙቀት ወራት ነፋስ አልፎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ይሸታል፤ ቁራዎቹ ይጮሃሉ፤ ከዳቦ ቤቱ በኩል የትኩስ ዳቦ ሽታ ሲመጣ ሆዳችን ይንጫጫል።

አሰልጣኛችንን በፈረንሳይኛው አጠራር ሙሴ፣ ማለትም አቶ ጉሌድ እንላቸው ነበር። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን የማያነሱ። አንድ የማይለውጡት ልማድ ነበራቸው። ዓርብ ዓርብ ልምምድ ስንጨርስ ሰውነታችንን እያፍታታን ጉድለታችንን አንድ በአንድ ይነግሩናል። ከዚያ ከኪዮስኳ ሻይና ሳምቡሳ ያስመጣሉ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሳይቀዳ ስለ ጥንካሬያችን አንዲት ቃል አይወጣቸውም። በዚህ ምክንያት እኔ ያን ሻይ ምን ያህል ትኩስ ቢሆን በሁለት ጉንጭ መጨረስ ለምጄ ነበር።

የሺን ያገኟት ራሳቸው ናቸው። የሺ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ የመጣች፣ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ናት። ማዳሟ ጧት ጧት ውሻውን እንድታናፍስላት ትልካታለች። አንድ ቀን ሙሴ ጉሌድ ዳርቻው ላይ ያዩዋታል፤ ውሻው ምላሱን አውጥቶ ተዘርሯል፣ እሷ በነጠላ ጫማ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ላብ እንኳ የላትም። የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው እኔ ተጠራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተርጓሚዋ ሆንኩ፤ ጓደኛዋም ሆንኩ።

የሺ ሻዩን ጠብቃ አታውቅም። ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ማቅረብ አለባትና ጉድለቷን ሰምታ ትሮጣለች። ጥንካሬዋን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ በታማኝነት አደረስኩ። እንዲያውም ትንሽ ቅመም ጨምሬበት።

በዚያ መካከል ክለቡ ናይሮቢ ለሚደረግ ውድድር አንዲት ሴት እንዲልክ ተጋበዘ። በዚያው ሰሞን የየሺ አሠሪዎች ወደ አቡዳቢ ሊዛወሩ ሆነና ማዳሟ፣ አብረሽን ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ፣ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ አለቻት። የሺም ነገሩን በእኔ በኩል ለሙሴ ጉሌድ አሰማች።

ዓርብ መጣ። ለእኔ ያሉኝ ይህን ነበር፦ «አንቺ በእግርሽ አይደለም የምትሮጪው፣ በአንገትሽ ነው። ከጎንሽ ማን እንዳለ ሳታዪ አንድ ዙር አትጨርሺም።» የየሺ ጉድለት ደግሞ ሰው ሲደርስባት መንገድ መልቀቋ ነው፤ ማዳሟን በር ላይ እንደምታሳልፋት ሁሉ ሯጩንም ታሳልፋለች አሉ። ተረጎምኩላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችና ሄደች።

ከሻይ በኋላ ሌሎቹን አሰናብተው እኔን አስቀሩኝ።

«ለየሺ ንገሪልኝ» አሉ። «ያን እግር እኔ አላስተማርኳትም፣ ይዛው ነው የመጣችው። በአሰልጣኝነት ዘመኔ እንደሷ ያለች አልገጠመችኝም። ናይሮቢ የምልከው እሷን ነው። ባለቤቴ ሌላ ቤት ታፈላልግላታለች፤ እንዳትሄድ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሺ ነጠላዋን እያስተካከለች ግቢው ጥግ ጠበቀችኝ። እስክደርስ እንኳ አልታገሰችም።

«ከሻይ በኋላስ? ምን አሉ?»

«ሌላ ምንም አላሉም» አልኳት።

«እንኳን ቁርጤን አወቅኩ» አለች። ለማዳሟ እሺ ልትላት እንደሆነ ነገረችኝና ሥራ እንዳለባት ተናግራ ሄደች። ግቢው ረጅም ነው፤ በሩ እስክትደርስ ድረስ አሥር ጊዜ ልጠራት እችል ነበር። አልጠራኋትም። ዓመት ሙሉ አብሬያት በልቼ፣ አብሬያት ስቄ፣ በአንዲት የአውሮፕላን ጉዞ ለወጥኳት። ወጣትነት ነው እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ምን እንደማደርግ በደንብ አውቅ ነበር።

ሙሴ ጉሌድ በሚቀጥለው ዓርብ ነግረሻታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነግሬያታለሁ አልኩ። «እንግዲያው ሩጫውን ከልቧ አልወደደችውም» አሉ። እኚህ ሰው ስለ ልጆቻቸው ጠባይ ተሳስተው አያውቁም ነበር፤ ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ስሟን ሲያነሱ አልሰማሁም። በየሺ ፋንታ ናይሮቢ ሄጄ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። በዓመቱ ሩጫውንም ተውኩት። ሙሴ ጉሌድ ያንኑ እንዳመኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ።

እንግዲህ ሐሙስ ማታ ቤቲን አድርሼ ስመለስ አላስችል አለኝ። የሺ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደሴ እንደምትኖር እሰማ ነበር። ዓርብ ጧት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት የየሺን ስልክ ቁጥር ፈልገው ሰጡኝ። ደወልኩ። ማንነቴን ስነግራት በደስታ የቤተሰቤን ጤንነት ጠየቀችኝ፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። ሐሳቤን ሳልቀይር ብዬ እየተቻኮልኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«በይ አሁን ንገሪኝ። ምን ነበር ያሉት?» አለች።

ሙሴ ጉሌድ ያሉትን ነገርኳት። አንድም ቃል አልጠፋኝም።

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።

«ልጆቼ እሮጥ ነበር ስላቸው ይስቁብኛል» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «እሁድ ሁሉም ቤት ይመጣሉ። ደውይና ያሉትን ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ ያኔ ሳልሰማው ለምን እንደቀረሁም አብረሽ ንገሪያቸው።»

እሺ አልኳት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጧት ጀምሬ የምላቸውን ለብቻዬ እየተለማመድኩ ነው። የሙሴ ጉሌድ ቃል አያስቸግረኝም፤ እንደ ውኃ ይወርድልኛል። ከእሱ ቀጥሎ «እናታችሁ ይህን ያልሰማችው...» ብዬ እጀምርና እዚያው ላይ አቆማለሁ።