ሰላምታ የምታውቀው ማሽን

የሐይቅ ከተማው ኑርዬ ሲናደድ አይጮህም፤ ካቻቢቴውን ነው የሚያነሣው። ከሚስቱ ከሂንድ ጋር የተኮራረፉ ቀን የቤቱን ቴሌቪዥን ይፈታል። ከስብሰባ የተመለሰ ቀን ደግሞ ሱቁ ጥግ ከተከመሩት አሮጌ ስልኮች አንዱን መዝዞ ብሎን በብሎን ያወጣዋል። በነዚያ የለውጥና የጦርነት ዓመታት ስብሰባውም ንዴቱም ስለበዛ ሱቁ ውስጥ ያልተፈታ ዕቃ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ኮምፒውተር የተማረው ኮምቦልቻ ነው። አብረውት የጨረሱት አዲስ አበባ ሲገቡ እሱ ወደ ሐይቅ ተመለሰና ከደሴ ወልድያ መንገድ ዳር ስልክ መጠገኛ ከፈተ። ሰው ጠጋኝ ይለዋል፤ እሱ ግን ራሱን ጠጋኝ ብሎ አያውቅም። ሐሳቡ ሌላ ነበር። የአምባሰል ገበሬ ማሾውን በአህያ ጭኖ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ወጥቶ ወርዶ ውጫሌ ገበያ ሲደርስ ነው ዋጋውን የሚሰማው። ዋጋው ቢረክስ ጭኖ አይመለስ ነገር፣ እንደምንም ሸጦ እየተራገመ ይገባል። ታዲያ ሳይጭን በፊት ደውሎ ዋጋ ቢሰማስ? ኑርዬ ከወዳደቁ ኮምፒውተሮች አንዲት ስልክ የምትመልስ ማሽን ገጣጠመ። ድምፁን ያስቀዳው ሂንድን ነው። «የማሾ ዋጋ ለመስማት አንድን ይጫኑ።» አጭርና ግልጽ።

አንድን የጫነ ሰው አልተገኘም። ኑርዬ ግራ ቢገባው የደዋዮቹን ድምፅ ከፍቶ አዳመጠ። ሁሉም ሂንድን ሰላም እያሉ ነበር። «እንዴት ዋልሽ እመቤቴ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና?» ብለው መልሱን ይጠብቃሉ። ማሽኗም ቁጥር ትጠብቃለች። በመጨረሻ ማሽኗ ትሰለችና ትዘጋባቸዋለች። ውጫሌ ገበያ ውስጥ የኑርዬ ማሽን ባለጌ ናት፣ ሰላም ሲሏት ጆሮ ላይ ትዘጋለች የሚል ወሬ ተነዛ። ኑርዬ በንዴት ካቻቢቴውን ሲያነሣ ሂንድ ከእጁ ነጠቀችው።

«ሰዎቹ ምን አጠፉ? ማሽንህን ሰላምታ አስተምራታ!»

ሂንድ እንደገና ተቀዳች። ማሽኗ አሁን እንዴት ዋላችሁ ትላለች፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ቤት ደህና ትላለች፤ ትጠብቃለች። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ አንድ በአንድ ትጠይቅና «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ብላ ወደ ማሾው ትገባለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ እረፍት አጣ። አዲስ አበባ ለፈጠራ ውድድር ይዟት ሲቀርብ ዳኞቹ ሳቁ። ሰላምታውን ቁረጠው፣ ጊዜ ይበላል አሉት። ሰላም ያላላችሁት ሰው ለምን ይመልስላችኋል ብሏቸው ወጣ፤ ሽልማቱንም ሌላ ሰው ወሰደው። ይህን ሲያነሣ እስከ ዛሬ ፊቱ ይጠቁራል።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን የዕድሜ ልክ ሐሳቡ ሆነ። አማርኛ ይሰማሉ የሚባሉት ፕሮግራሞች የሚሰሙት የዜና አንባቢ አማርኛ ብቻ ነው። ወሎዬ ዜማውን ስቦ ሲናገር ጫጫታ ይመስላቸዋል። ኑርዬ ማሽኗ ቁጥር መጠበቅ ትታ ራሱን የወሎን አነጋገር እንድትሰማ ፈለገ። ለዚያ ደግሞ ድምፅ ያስፈልጋል፣ የብዙ ሰው ድምፅ። ስለዚህ ማሽኗ ለያንዳንዱ ደዋይ «ቋንቋችንን እንድትማር ድምፃችሁ ይቀመጣል» ማለት ጀመረች። ሰዉም «አብሽር፣ ይቀመጥ» አለ። ያ ሁሉ ድምፅ በዓመታት አንዲት ዲስክ ላይ ተጠራቀመ። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ድምፁ ሲበረክት አብረን እንሠራለን ብሎ ቃል ገባለት። ኑርዬ መሬት የለው፣ ከብት የለው፤ ጥሪቱ ያቺ ዲስክ ነበረች።

ፖለቲካን በተመለከተ ኑርዬ ለማንም የማይመች ሰው ነው። የትኛውም ፓርቲ ውስጥ የለበትም፤ ሁሉንም ግን ይሳደባል። መንግሥት ማለት ሲደወልለት የሚያነሣ ማለት ነው ይላል፤ ባንዲራውንና መፈክሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሁለት ሺህ አሥር ላይ ለውጥ መጣ ሲባል አብሮ አደጉ ዝናቡ እየሮጠ ሱቁ ገብቶ አቀፈው።

«ኑርዬ፣ አለቀላቸው እኮ!»

«እሺ፤ አሁን ስልኩን ማን ያነሣል?»

«እኔ አነሣለሁ!» አለ ዝናቡ። እውነትም ወረዳ ገብቶ ኃላፊ ሆነ። ኑርዬም ያን ሰሞን እንደ ሰዉ ሁሉ ቲሸርት ለብሶ ሰልፍ ወጥቷል። ይህን ሲያስታውሱት ያፍራል።

ማንም ያላስተዋለውን ነገር ግን እሱ ከማሽኗ አየ። በለውጡ መጀመሪያ የሰዉ ሰላምታ ረዘመ። ሰው ለማሽን ዘፈን ሁሉ ይዘፍን ነበር። ከዚያ በየቦታው ሰው ተፈናቀለ፣ ተገደለ የሚለው ወሬ ሲበረታ ሰላምታው አጠረ። አንተ የማን ነህ የሚባልበት ዘመን ሲመጣ ሰው ቤት ደህና ሲባል «ደህና» ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ አይጨምርም። ኑርዬ ይህን ለዝናቡ ደውሎ ሊነግረው ሞከረ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ አልተነሣም። በሌላ ቀን በአካል ሲያገኘው ዝናቡ «ሰላምታ ትለካለህ እንዴ? ሥራ ፈት!» ብሎ ሳቀበት።

ጦርነቱ ሐይቅ የደረሰው በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ሲገባደድ ነው። ዝናቡና መሰሎቹ በመኪና ወደ ደሴ ሲሄዱ ኑርዬና ሂንድ መሄጃ አጥተው ቀሩ። መስመሩ ተቆረጠ፣ ሱቁ ተዘረፈ፣ ማሽኗ የነበረችበት ጠረጴዛ ሳይቀር ተጫነ። ዲስኳን ሂንድ በፌስታል ጠቅልላ ማሾ ጆንያ ውስጥ ቀብራት ነበር። ከተማውን የያዙት ተዋጊዎች ጤፉን ወስደው ማሾውን ተዉት። ኑርዬ በዚያ ጊዜ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኅዳር አልቆ ከተማው ነጻ ወጣ፤ ቆይቶም መስመሩ ተመለሰ። ኑርዬ ከተራረፈው ዕቃ ማሽኗን እንደገና ገጣጠማት። ሂንድ የድሮዋን ሰላምታ ለመቀየር አላሰበችም፤ እሱም አላሰበም። ማሽኗ እንደ ልማዷ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና ብላ ጠየቀች። ሰዉም መለሰ። ማሾ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም የሆነውን ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ እሷም ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ኑርዬ እያዳመጠ አንጀቱ አረረ። ማንም ኃላፊ መጥቶ እነዚህን ሰዎች ምን ሆናችሁ ያላቸው የለም። ከማሽን በቀር የጠየቃቸው የለም!

እናም ተሳሳተ። የመልሶ ግንባታ ስብሰባ ሲጠራ፣ ቢናገር ማንም እንደማይሰማው ስላወቀ ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ ገባና አንድ ደዋይ አሰማቸው። የአያ አሻግሬ ድምፅ ነው። አያ አሻግሬ የአምባሰል ማሾ አምራች፣ ከመጀመሪያዎቹ ደዋዮች አንዱ፣ ስልካቸውንም ኑርዬ የሚጠግንላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ከብቱ ደህና አልሽኝ እመቤቴ?» ይላል ድምፁ። «ወይፈኑን አረድኩላቸው። በዚህ በእጄ አረድኩላቸው። ልጄን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ብሉ ጠጡ፣ እሱን ብቻ ተዉልኝ አልኳቸው። ለጎረቤት አላወራሁትም፤ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም። ላንቺ ነው የማወራው።» ከዚያ ልቅሶ ነው።

የተሰበሰበው ሁሉ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ። ኑርዬ አሁን ገባቸው ብሎ ደስ አለው። ከፊት ወንበር ከተቀመጡት ኃላፊዎች አንዱ «ይኼ ለጠላት አርዶ ያበላው ሰውዬ ማነው?» አለ።

ከሰዓት ዝናቡ ሱቁ መጣ። ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«ሽማግሌው ማነው?»

«ደዋይ ነው።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩህ።»

«ስም አልይዝም። ድምፅ ብቻ ነው።»

«ድምፁ ይበቃናል። አገሬው በድምፅ ይተዋወቃል። ዲስኩን ነገ ጠዋት ቢሮ ይዘህልኝ ና። እንዲህ ያለ ስንት እንዳለ እኛ እንለያለን።»

«ዝናቡ፣ እኔ እኮ እንድታዝኑላቸው ብዬ ነው ያሰማኋችሁ!»

«አዝነናል። ሥራ ደግሞ ሥራ ነው» አለና ወጣ።

ኑርዬ በመጀመሪያ የአያ አሻግሬን ብቻ ሊያጠፋ አሰበ። አጠፋና ቀጣዩን ከፈተ። ሴትዮዋ ዳቦ ሰጥቻለሁ ትላለች። ቀጣዩ ምንጩን አሳይቻቸዋለሁ ይላል። ሌላዋ ቤቷ አሳድራቸዋለች፤ አላሳድርም ልትል ኖሯል? እዚያ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሰጥቷል። ማንን ከማን ይለያል? የድሮዎቹን ድምፆች ብቻ ላስቀር እንዳይል፣ አያ አሻግሬ ድሮም ይደውሉ ነበር፤ በድሮው ድምፃቸው ያውቋቸዋል።

«መልሰን ማሾ ውስጥ እንክተታት?» አለች ሂንድ።

«እነዚያ አገሩን አያውቁም ነበር። ዝናቡ እኮ እዚህ ቤት በልቶ ያደገ ነው፤ የት እንደምናስቀምጥ ያውቃል።»

ሂንድ ካቻቢቴውን አንሥታ ሰጠችው። ኑርዬ ዲስኳን ፈታ፤ ድምፁ የተቀዳበትን የሚያብለጨልጭ ሳህን ከውስጧ አውጥቶ በካቻቢቴው ጫፍ ፋቀው። ዘፈኑም፣ ልቅሶውም፣ የሰዉ ሁሉ እንዴት ዋልሽ አብሮ ሄደ። ማሽኗንም ዘጋት፤ እስከጠየቀች ድረስ ሰው መመለሱ አይቀርምና። እንባው መጣ፤ ለመደበቅ አልሞከረም።

ዝናቡ ጠዋት የተፋቀውን ሳህን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «እብድ ነህ አንተ! ይህን ሁሉ ዓመት የለፋህበትን!» አለ፤ የእውነት ያዘነ ይመስል ነበር። የአዲስ አበባው ድርጅት ነገሩን ሲሰማ ደግሞ መደወል ተወ። ኑርዬ አዲስ አበባ ቢገባ ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ሰው ሁሉ ይነግረው ጀመር፤ እሱም እንደገና ስልክ ጠጋኝ ሆነ። ለምን እንዳጠፋው ለማንም አልተናገረም። ቢናገር የደዋይ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ እንደተሰማ መናገሩ ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈራው ይበዛል፣ የሚጠረጠረውም ይበዛል።

በገበያ ቀን ውጫሌ ወርዶ ሳለ ከኋላው «አንት ኑርዬ!» የሚል ሰማ። አያ አሻግሬ ናቸው፤ አህያቸውን ይዘው በሰዉ መካከል ይመጣሉ። ዝናቡ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ከእህል ነጋዴዎቹ ዘንድ ቆሞ ያወራል። ሽማግሌው ሲጣሩ፣ ድምፁን የት እንደሰማው እንደሚያስብ ሰው ወሬውን አቋርጦ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ምነው ልጄ፣ ማሽንህ ሰላምታ ነሳችን? ብደውል ብደውል ዝም» አሉ አያ አሻግሬ። ቀረብ ብለው ክንዱን ያዙት። «ያን ቀን አንድ ነገር ነግሬያት ነበር። ሰምተኸኝ ይሆን እያልኩ...»

ዝናቡ ወደነሱ መራመድ ጀምሯል።

«ማሽኗ ተበላሽታ ነበር» አለ ኑርዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ክንዱን አስለቀቀ። «ማንም አልሰማዎትም። ሥራ አለብኝ፣ ይሂዱ።»

ሽማግሌው ክፉኛ ደነገጡ። ዕድሜ ልካቸውን ከሐይቅ እስከ ውጫሌ እንዲህ ያናገራቸው ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው ለግድግዳ ነዋ ያለቀስኩት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዝናቡ ደረሰ። «ማነው?» አለ የሽማግሌውን ጀርባ እያየ።

«እኔ እንጃ፤ ማሾ ሻጭ ነው» አለ ኑርዬ።

አያ አሻግሬ ይህንንም ሰሙት። አህያቸውን አዙረው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት ሄዱ።