የዋሻው አፍ ቅጠል

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ በጋዜጣ ጠቅልላ ያመጣችውን እርጥብ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው፣ የረጠበ ድንጋይና የአፈር ሽታው ቤቱን ሞላው። እንደ ዶሮ ላባ ግራና ቀኝ የተሰነጣጠቀ፣ አበባም ፍሬም የማያወጣ ቅጠል ነው።

«ፈርን ይባላል እማማ፤ የዚህኛው የላቲን ስሙ ሴቴ ማለት ነው» አለችኝ።

አውቀዋለሁ አላልኳትም።

ጣሊያን መንዝን ሲይዝ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ የቆሰለ አርበኛ ወንድሟን ከገደሉ ሥር፣ ምንጩ አጠገብ ካለው ዋሻ ደብቃ፣ በሶ ቋጥራ እንስራዋ ውስጥ እየከተተች፣ ውሃ የምትቀዳ መስላ ታደርስለት ነበር። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ በደህናው ጊዜ በትከሻው ተሸክሞኝ ጓሳ ድረስ ይወስደኝ የነበረው ያ ሳቂታ አጎቴ እያቃሰተ ሲያወራት፣ እኔ ከዋሻው አፍ ያን ቅጠል እየቀነጠስኩ የጨርቅ አሻንጉሊቴን አለብሳት ነበር።

«ስለ አጎትሽ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ እናቴ አስምላኛለች።

አንድ የገበያ ቀን ያን ቅጠል ያለበስኳትን አሻንጉሊቴን ታቅፌ ተቀምጬ ሳለ፣ አገር ምድሩን እየዞረ ቅጠል የሚለቅም፣ የለቀመውንም በወረቀት መሀል የሚያደርቅ አንድ መነጽራም ጣሊያን ከነአስተርጓሚው አጠገቤ ቆመ።

«ይሄ ቅጠል ማን ይባላል?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ስም የለውም። ከብት እንኳ አይበላውም።»

ጣሊያኑ ሲነገረው ከት ብሎ ሳቀ፤ ያለውንም አስተርጓሚው መልሶ ነገረኝ።

«አለው እንጂ! በነሱ ሴቴ ነው የሚባለው፤ ልክ እንዳንቺ። የት ነው የሚበቅለው?»

የተጠየቅኩት ስለ ቅጠል እንጂ ስለ አጎቴ አልነበረም። ደግሞም ባለስም ቅጠል ማወቄ አኩርቶኛል።

«ከገደሉ ሥር፣ ምንጩ ጋ፣ ዋሻው አፍ ላይ» ብዬ በጣቴ አሳየሁ።

ጣሊያኑ ጻፈ። አስተርጓሚው ግን ዓይኑን ከገደሉ አልነቀለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተኩስ ሰማን። ወታደሮቹ የአጎቴን ሬሳ ከዋሻው ጎትተው አውጥተው ገበያው መሀል ጣሉት፤ እናቴንም እንዳታለቅስ ከለከሏት።

ጣሊያን ወጣ፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። እኔ ግን እሷን ቀና ብዬ ማየት ከአጎቴ ጋር አብሮ ተቀበረብኝ። ጸሎቷን በጨረሰች ቁጥር እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ «ወንድሜን የጠቆመብኝን ሰው ዘሩን ይንቀለው!» ትል ነበር።

እኔም ከጎኗ ቆሜ አሜን እል ነበር።