ሳይከፈት የቀረው ሞተር

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ብዙ ሰውን ያስጠላል። እኔን ግን ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ባለፈው ሰሞን ታክሲ ስጠብቅ አንድ አሮጌ ፒካፕ ሰማያዊ ጭሱን ለቆብን አለፈ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ፣ እኔ እዚያው እንደቆምኩ በሐሳቤ ልደታ፣ ድሮ ያደግኩበት ግቢ ገባሁ።

አባቴ ውይይት ይነዳ ነበር። ያልደረሳችሁበት ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ውይይት ማለት ኋላው ሸራ የለበሰ፣ ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው። መኪናዋ የአባቴ ብቻ አልነበረችም። እዚያው ግቢ፣ ግድግዳ ብቻ በሚለየን ቤት የሚኖር አንድ የወሎ ሰው ሸሪኩ ነበር። አንዱ ጠዋት ይነዳል፣ አንዱ ከሰዓት። ዓርብ ሸሪኩ ጁምዓ ሲሄድ አባቴ ይሠራል፤ እሁድና በክብረ በዓል አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ሸሪኩ ይሠራል። በዓል ያልነበራት መኪናዋ ብቻ ነበረች።

ሲረካከቡ ሥርዓት ነበራቸው። ሞተሩ ይጠፋል። ትንሽ ሲበርድ ተረካቢው የዘይቱን ዘንግ ይመዛል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ መልሶ ከትቶ ያወጣና ሁለቱም ወደ ብርሃን አድርገው ያዩታል። ሞተሩ አርጅቶ ዘይት ይበላ ስለነበር ይህ የሚዘለል አልነበረም። በሌላው ነገር ሁሉ ግን ተስማምተው አያውቁም።

«አንተ ሰው፣ ወንበሩን የት ድረስ ነው የምትገፋው? እግሬ ፍሬኑ ላይ አልደርስ አለኝ እኮ» ይላል ሸሪኩ።

«አንተ አጥረህ እኔ ምን ላድርግህ» ይላል አባቴ።

አንድ ዓመት የግንቦት ልደታ ዓርብ ላይ ዋለ። ጠዋቱን ሸሪኩ ያዘ። ሰፈሩ በነጠላ ነጭ ሆኗል፣ ከበሮው ከቤታችን ድረስ ይሰማል፣ ከየደጁ የንፍሮ እንፋሎት ይወጣል፣ ተሳፋሪው አያልቅም። ቀትር ላይ ሸሪኩ ጁምዓ ረፍዶበት፣ አባቴም ታቦቱ እንደገባ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ መንገድ ዳር ተገናኙ። ሞተሩ እንኳ አልጠፋም። አንዱ ዘሎ ወረደ፣ ሌላው ነጠላውን እንዳጣፋ በዚያው በር ገባ። እናቴ የንፍሮ ሳህን ይዛ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆመን አይተናል።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላይ፣ ተሳፋሪ እንደሞላች፣ ብረት በብረት የሚደበድብ ድምፅ አሰማችና ቀጥ አለች። ሰው እየገፋ ግቢ አስገባት።

በማግስቱ ከጌጃ ሰፈር መካኒኩ መጣ። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ገና ሳይዘጋው ዝናብ ስለጀመረ ሁሉም መኪናዋ ኋላ ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አባቴና እናቴ በአንድ በኩል፣ ሸሪኩና ሚስቱ በሌላው፣ እኔ እናቴ ጭን ላይ፣ መካኒኩ በሩ አጠገብ። ዝናቡ ሸራውን ይመታል። የእርጥብ ሸራና የዘይት ሽታ ተቀላቅሎ እስካሁን አለብኝ።

«አውርደን እንክፈተው» አለ መካኒኩ። «ጉዳቱ የሞተሩ ታችኛው ክፍል ብቻ ከሆነ ተጠግኖ ይድናል። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ብትገዙ ግን፣ ያ ደግሞ ምን ሲሆን እንደኖረ አታውቁትም። ዋጋውም ውድ ነው፣ ይጎዳችኋል።»

«በቃ ይከፈታላ» አለች እናቴ። ያለችንን ብር ለሚያፈሰው ጣሪያችን ነበር ያሰበቻት።

«አይከፈትም፣ ይቀየር» አለ አባቴ።

«እኔም የምለው ይኼንኑ ነው» አለ ሸሪኩ፣ ከአፉ ነጥቆ።

የሸሪኩ ሚስት አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ወላሂ ይኼ ዝናብ ያለነገር አልመጣም። እናንተ ደሞ መቼ ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ?»

መካኒኩ ሳቀ። «ቢያንስ ምን እንደገደለው አታዩም?»

«አርጅቶ ነው» አለ አባቴ። ሸሪኩም ራሱን ነቀነቀ።

ጋራዥ በበዛበት ሰፈር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሽርክና የሚፈርሰው ሞተር ሲከፈት ነው። መካኒኩ የጠቆረ ብረት ያወጣና «ዘይት አጥቶ ነው» ይላል። ከዚያ ማን ይዞት ነበር፣ ዘይቱን ማየት የነበረበት ማነው የሚለው ይመጣል። ከግቢያችን በታች ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች እንደዚያ ተባብለው መኪናቸውን ሸጠው ተኮራርፈው ቀርተዋል። እናቴ መንገድ ዳር የሆነውን አይታለች። የአባቴን ፊት ትንሽ አየችና «እንግዲህ ይቀየር» አለች።

ተቀየረ። አሮጌው ሞተር ብሎኑ ሳይነካ ለብረት ገዢ ሄደ። ያን ክረምት ቤት ውስጥ ሳፋና ድስት ደርድረን ከረምን። ሸሪኩ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ «ሳፋችሁ ሞልቷል፣ ድምፁ ተለውጧል» ይለን ነበር። ዝናቡ ሲብስብን ጣሪያችን ላይ ወጥቶ ላስቲክ አለበሰልን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረው ሠሩ። በኋላ ውይይት ከመንገድ ጠፋ፤ ግቢያችንም ፈረሰና እነሱ ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ወደ ሌላው ሄድን። ሸሪኩ ያረፈ ጊዜ አባቴ ከቀብር ተመልሶ አልጋው ላይ ዋለ። ለቅሶው ጋብ ሲል «እነሱ ቤት ውሰጂኝ» አለኝ፤ ሄድን።

የሸሪኩ ሚስት ዘንድ ገብተን እንደተቀመጥን፣ አባቴ ምንጣፉን እያየ ተናገረ።

«አንድ ነገር ሳልነግረው ሄደብኝ። ያቺ መኪና የቆመች ለታ ተረካቢው እኔ ነበርኩ። ዘይቱን ሳላይ ነው የነዳሁት። አይከፈት ያልኩት እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው።»

ሚስትየው ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እሱም ጠዋት የዘይቱ ማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ብሎበት ነበር» አለች። «ሶላት ረፈደብኝ ብሎ ሳይነግርህ ወረደ። አንተ ሳትሰማ፣ መኪናዋን ገደልኳት እያለ ስንት ዓመት ሲብሰለሰል ኖረ። ‹ሞተሩ ቢከፈት ኖሮ መኪናዋም ወንድሜም ይሄዱብኝ ነበር› ይለኝ ነበር።»

አባቴ ተነሳና እጇን በሁለት እጁ ይዞ ተሰናበታት።

ሹፌር ስለነበር ታክሲ ሲሳፈር ቦታው ሁልጊዜ ከሹፌሩ አጠገብ ነው። ያን ቀን ጋቢናው ባዶ ነበር፤ አልገባም። ኋላ ከኔ ጎን ተቀመጠና ሰፈራችን እስክንደርስ እጄን እንደያዘ ሄደ።