ሳጥኑ ላይ የተሰፋችው ቁልፍ

ሠልጣኞቹ ሁሉ ስልካቸውን ብቻ ይዘው ሲመጡ፣ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ደብተር ይዛ የገባችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ሃያዎቹን ያላጋመሱ ናቸው፤ እሷ ሃምሳ ስድስት ሞልቷታል። ልብስ ሰፊዎቹ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአሮጌው የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር በተሸጎጠች፣ የካርቶንና የስፌት መኪና ዘይት በሚሸትባት ሱቅ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ስትሸጥ ኖራለች።

ያ ሕንፃ ሊፈርስ ነው። ለባለሱቆች የሦስት ወር ጊዜ ተሰጣቸው። እሷ ሌላ ቦታ ፈልጋ አጣች፤ ዕቃዋን ወደ ቤቷ የኋላ ክፍል ልታስገባ ወሰነች። ዕቃው እሺ፣ በጋሪ ይጋዛል። ደንበኛውስ? ከሌላ ከተማ ሳይቀር የሚመጡ ሰፊዎች ነበሯት። አንድ ቀን መጥተው ፍርስራሽ ሲያገኙ የት ብለው ይፈልጓታል? እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

በዚህ መሀል ነው የሥልጠና ማዕከሉን ማስታወቂያ ያየችው። በኢንተርኔት የሚሸጡ ሱቆች በምን ቴክኖሎጂ እንደሚሠሩ በስድስት ሳምንት ከመሠረቱ ያስተምራል፤ በመጨረሻው ቀን የሚሠራ ሱቅ ያሳየ ሠልጣኝ፣ ሱቁ ለአንድ ዓመት በማዕከሉ ሰርቨር ላይ ያለክፍያ ይቀመጥለታል። ሰርቨር ምን እንደሆነ አታውቅም። «ለአንድ ዓመት» የሚለውን ግን ሦስቴ አነበበችው።

የመጀመሪያ ቀን ከጎኗ የተቀመጠው ሞባይል ጠጋኝ አፉ አያርፍም ነበር።

«እትዬ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?»

«የለም፣ አንተን ላሳድግ ነው የመጣሁት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተለያዩም።

አሰልጣኟ ፈጣን ተናጋሪ ወጣት ናት። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሳለች፦ አንዱ ደንበኛው የሚያየው ገጽ፣ አንዱ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተናግደው ሰርቨር፣ አንዱ ዕቃው ሁሉ የተመዘገበበት ዳታቤዝ። «ገጹ ዳታቤዙን በቀጥታ አይነካም፤ በሰርቨሩ በኩል ይጠይቃል» አለች።

እትዬ ቁልፍ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ ደንበኛ መደርደሪያዬ ውስጥ እጁን እንዳይከት ባንኮኒ አቁሜ እኔ ነኝ የማወጣለት። ታዲያ መሀለኛው ሳጥን እኔ ነኝ?»

አሰልጣኟ መሀለኛውን ሳጥን በማርከሯ አከበበችው። «እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።»

የገባትን ያህል ግን ጣቷ አልታዘዘላትም። አንዲት ምልክት ትዘልና ገጹ ባዶውን ይቀራል፤ ግማሽ ቀን ስትፈልጋት ትውላለች። አይኗ ግን የሚገርም ነበር። በፀጉር ስፋት የሚለያዩ ቁልፎችን ስትለይ ያረጀ አይን ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሞባይል ጠጋኙ ኮዱ እምቢ ብሎት ፀጉሩን ሲነጭ፣ ዘንበል ብላ አየችለትና «ይቺ ቅንፍ ብቻዋን ናት፤ ጓደኛዋን የት ጣልካት?» አለችው።

ሁሉም ለሱቃቸው በዕቃ ስም የሚፈልግ ሳጥን ሲሠሩ እሷ አልሠራችም። «የቁልፍ ስም የሚያውቅ ማን አለ? ሰው አንዲት ቁልፍ በመዳፉ ይዞ ‹እንደዚች ያለ› ነው የሚለኝ» አለች። እሷ ሱቅ ውስጥ የሚፈለገው በቀዳዳ ቁጥር፣ በስፋት፣ በቀለምና በተሠራበት ነገር ሆነ። አሰልጣኟ የሌላ ክፍል ተማሪዎችን ጠርታ አሳየችላት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ከውጭ የተጋበዘ፣ ፈገግታ የማያውቅ ጎልማሳ ነው። ሠልጣኞች ከመዘገቡት ዕቃ ጥቂቱን ይዘው እንዲመጡ ታዘው ስለነበር እሷም አሥር ሳጥን ይዛለች። ፈታኙ በሱቋ ገጽ ላይ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር፣ ከቀንድ የተሠራ ቡናማ የኮት ቁልፍ ፈለገ። ተገኘ። «አንድ ቀርቷል» ይላል። አዘዘ፤ ገጹም አመሰገነው።

«እስቲ ያዘዝኳትን ያሳዩኝ።»

ሳጥኑን ከፈተች። ባዶ ነው። ክዳኑ ላይ ግን አንዲት ቁልፍ ተሰፍታለች።

«ይቻትና!»

«ይቺማ አትሸጥም» አለች ሳታስበው።

ሱቁን ያወረሷት አማቷ ያስለመዷት ነገር ነው፦ አዲስ ዕቃ ሲገባ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ሳጥኑ ላይ ስፊያት፤ ሲያልቅብሽ በምን አይተሽ ታስመጫለሽ? በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት እንኳ ተፈትታ አልተሸጠችም። እጇ ይህን ስለሚያውቅ መናገር አላስፈለጋትም። ኮምፒውተሩ ግን ማን ነግሮት! ሦስት መቶ አርባ ሳጥን ስትመዘግብ የተሰፉትንም አብራ ቆጥራለች። ሱቁ ከየሳጥኑ የማይሸጠውን አንድ ጨምሮ አለኝ ይላል።

«አለ ብሎ ከሸጠ በኋላ የሚነፍግ ሱቅ፣ የሚሠራ ሱቅ አይባልም» አለ ፈታኙ፣ እስክሪብቶውን እያነሳ።

ሞባይል ጠጋኙ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። «እትዬ፣ በሞቴ ይፍቱለትና ይለፉ! ምላጭ ላቀብልዎት?»

ቁልፏን አየቻት። የያዛት ክር ቢጫ ሆኗል፤ አማቷ በሕይወት ሳሉ የሰፏት ናት። ክሩን ሁለቴ ዞር አድርገው፣ በጥርሳቸው በጥሰው። አንድ ጊዜ ምላጭ ብታሳልፍባት ዓመቱ የሷ ነው።

«አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አለች። «እርስዎ ልክ ነዎት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግን የሚስተካከለው ኮዱ ነው እንጂ ቁልፏ አይደለችም።»

ፈታኙ ሰዓቱን አየና «ይጀምሩ» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ሦስት መቶ አርባውን መዝገብ አንድ በአንድ ልትነካካ አልሞከረችም። ሰርቨሩ ላይ አንድ ሕግ ጻፈች፦ ለደንበኛ የሚነገረው ከተመዘገበው አንድ ተቀንሶ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ደግሞ የናሙናዋ ፎቶ ይታይና «አልቋል፤ በዚች ልክ እናስመጣልዎ?» ተብሎ ይጠየቅ። በመጀመሪያው ሙከራ ገጹ ባዶውን ቀረ። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አገኘችው፤ አስተካከለችው። በስምንተኛው ደቂቃ «ይሞክሩት» አለች።

ፈታኙ ያቺኑ ቁልፍ አዘዘ። «አልቋል፤ በዚች ልክ እናስመጣልዎ?» ሌላ ሳጥን ሞከረ፤ ሦስት የተመዘገበበትን። ሁለት ሸጦለት ዘጋ።

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ኮዱን ይቺ ልጅ» አለች ወደ አሰልጣኟ እያመለከተች። «ሌላውን አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

ቅጹ ላይ ረጅም ጻፈ፤ ከዚያ «አልፈዋል» አላት።

ሕንፃው በተባለው ጊዜ ፈረሰ። እትዬ ቁልፍ በኋላ ክፍሏ፣ በሳጥኖቿ መሀል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታ ተቀመጠች። ዘጠኝ ቀን ማንም አላዘዘም። በአሥረኛው ጠዋት ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ፦ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሰማያዊ፣ አሥራ አምስት ሚሊሜትር፣ ሁለት ደርዘን። ከትእዛዙ ሥር አንድ የድሮ ደንበኛዋ፣ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ገበያው የታጠረበት ቆርቆሮ ጋ ቆሜ ነው። ሕንፃው የለም። አንድ መንገደኛ ስልኬ ላይ ፈልጎ ይህን አወጣልኝ። ልጄ፣ አንቺ ነሽ?»

ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ መለሰች፦ «እኔ ነኝ አባባ። ግን አሥራ አምስት ብለዋል፤ እርስዎ ሁልጊዜ የሚወስዱት አሥራ ስምንቱን ነው። ሳልልክልዎ በፊት እስቲ አንዴ ይለኩት።»