ምድር ቤት ውስጥ የነበረው ባሕር

ባሌ የተበላሸ ዕቃ አይቶ ማለፍ አይችልም። ዱባይ ተራ፣ የአንድ ገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ቴሌቪዥንና ስፒከር ይጠግናል። ሰው ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ሁሉ "ገና ነፍስ አለው" እያለ ወደ ቤት ይዞ ይመጣል። በተጋባን በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጌም ቤት ሊዘጋ ስለሆነ ማሽኖቹን የሚያነሳ ሰው ይፈለጋል ተባለ። ምሳውን ሳይጨርስ ነበር የሮጠው።

የምንኖረው ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ በእናቱ ቤት ነው። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከመንገዱ ሲያዩት ዝቅ ያለች ተራ ቤት ትመስላለች፤ ከሥሩ ግን በድንጋይ የተገነባ ሰፊ ምድር ቤት አለው። መውረጃው ጠባብ ነው። ስድስት ደረጃ ወርዶ ወደ ግራ ይታጠፍና ሌላ አምስት ይወርዳል። ታች፣ ከጣሪያው ሥር፣ በመንገዱ ልክ አንዲት ረዘም ያለች መስኮት አለች። በእሷ በኩል የሚታየው እግር ብቻ ነው። የተሸካሚ እግር፣ የአህያ ኮቴ፣ የጋሪ ጎማ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእግሮቹ ጥላ በግድግዳው ላይ ረዝሞ ይሄዳል። የመርካቶ ጫጫታ እዚያ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ሰው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከላይ የሚወራውን የሚሰማ ይመስለዋል። እኔ ሙሽራ ሳለሁ ሆድ ሲብሰኝ የምወርደው እዚያ ነበር።

ሆድ የሚያስብሰኝ ብዙ ነገር አልነበረም። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። የባቲ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በርበሬ እየነገዱ አራት ልጅ ያሳደጉ ሴት። ልጃቸው ግን ሳያማክራቸው ነው ያገባኝ። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀምጬ እያለሁ እሱን "ሻይ ትፈልግ እንደሁ ጠይቃት" ይሉታል። እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ ለእሱ እመልሳለሁ፣ እሱ ለእሳቸው ይነግራል። ሦስት ወር ሙሉ በአስተርጓሚ ኖርን።

ማሽኖቹ የመጡት ዓርብ ረፋድ ላይ በአይሱዙ ተጭነው ነው። ሁለት ነበሩ። አንደኛው የመኪና እሽቅድድም ነው፤ እውነተኛ የሚመስል መሪ፣ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫና ፍሬን ያለው፣ ከፊቱ ቀይ ወንበር። ሁለተኛው ቆመው የሚጫወቱበት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ጥቁር ነገር። ሁለቱም ኋላቸው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን በሆዳቸው ስለያዙ እንደ አለት ይከብዳሉ። ስድስት ተሸካሚዎች መጡ። አለቃቸው ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ጋሼ ማሽኖቹን ዞረው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ደረጃውን ወርደው በክንዳቸው ለኩት።

"ይገባል፤ ግን ይከራከራል" አሉ።

የመኪናው ማሽን ለሁለት ስለሚከፈል ብዙ ሳያስቸግር ወረደ። ባሌ እዚያው ገጣጠመው፣ ማብሪያውን አሳየኝ፣ ሁለተኛውን ሊያወርድ ወደ ላይ ወጣ። አማቴ የበርበሬ ጆንያቸው እንዳይረገጥ ወደ ጥግ ሊያስጠጉ ወርደው ነበር። እኔም እየወረዱ ላሉት ሰዎች በስልኬ መብራት አበራለሁ።

"ሆ በል! ቀስ! ያዝ ያዝ ያዝ!"

ጥቁሩ ማሽን ስድስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ሲታጠፍ አንድ ነገር ቋ አለ። አንድ ጎኑ ግድግዳውን፣ ሌላው ጎኑ የደረጃውን ድጋፍ ነክሶ ቆመ። ወደ ላይም አይልም፣ ወደ ታችም አይልም። ገፉት፣ ሳቡት፣ ሰደቡት። ከደረጃው ይመጣ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ ምድር ቤቱ ደበዘዘ። የአምፖሉ ነገር ድሮም አይወራም፤ ከተቃጠለ ሰንብቷል።

"እማዬ! ደህና ናችሁ?" ባሌ ከላይ ጮኸ።

"እኛማ ደህና ነን። አንተ ነህ ቤቴን ቡሽ የወተፍክበት!" አሉት።

ጋሼ ከማሽኑ ጀርባ ሆነው ተናገሩ፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ጁምዓ ደርሷል። ሰግደን፣ ትንፋሽ ወስደን፣ አናጢ ይዘን እንመለሳለን። እንዲህ ያለ ዕቃ ይለመናል እንጂ አይገፋም።"

"ሂዱ፣ ስገዱ። አንተም ሂድ" አሉ አማቴ ለልጃቸው። እግሮቹ አንድ በአንድ በመስኮቷ አለፉ። የባሌን ጫማ ለየሁት።

ሁለታችን ቀረን። አስተርጓሚያችን ሄዷል። አማቴ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ለሶላት ቆሙ፤ እኔም ሻርፔን አስተካክዬ ከኋላቸው ቆምኩ። ስንጨርስ እሳቸው ጆንያው ላይ፣ እኔ ቀዩ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ከውጭ የመስጊዱ ድምፅ ርቆ ይሰማል። የበርበሬው ሽታ ይኮሰኩሳል። ቢያንስ ብርሃን ይሆነናል ብዬ የማሽኑን ሶኬት ሰካሁ።

መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። የቴሌቪዥኑ መስተዋት ነጣ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። ግድግዳው፣ ጆንያዎቹ፣ የአማቴ ነጭ ሻሽ፣ እጄ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኑ። በመስተዋቱ ውስጥ ማንም ያልያዘው መኪና በባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ ብቻውን ይሄዳል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ። ሌላ ሰው ስላልነበረ የጠየቁት እኔን ነው።

"የመኪና እሽቅድድም ነው፣ እማዬ።"

"መኪናውን አላልኩሽም። ያ ከጎኑ ያለው ውሃ።"

"ባሕር ነው።"

ተነስተው መጡ። ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ በጣም አስጠግተው ቆሙ። "አሰብ ነው?"

አሰብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዳሩ ላይ ዘንባባና የፈረንጅ ቪላ ተደርድሯል። "ሊሆን ይችላል" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። የባሌ አባት የአሰብ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነበሩ። የአማቴ እናት ባቲ ላይ ሻይ ቤት ነበራቸው፤ ሾፌሩ ቆላ ሲወርድም ሲመለስም እዚያ ይቆማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ልጅቷን አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ሲያገባት ከሁሉ አስቀድሞ የሰጣት ተስፋ ባሕሩን ሊያሳያት ነበር።

"ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነኝ። ጨው ነበረው" አሉኝ። "'በሚቀጥለው ይዤሽ እሄዳለሁ' ይለኛል። ሲሄድ እኔ አንዴ እርጉዝ ነኝ፣ አንዴ አራስ ነኝ፣ አንዴ ልጅ ታሞብኛል። ቆይ ይደርሳል ስንል መንገዱ ተዘጋ። እሱም ከዚያ ብዙ አልቆየ። መኪና የለመደ ሰው ቤት ሲውል ይደርቃል፣ ልጄ።"

ልጄ አሉኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ካየኋቸው ቃሉን መልሰው የሚወስዱት መሰለኝ።

"ይቀመጡና ይንዱት" አልኳቸው።

"ኧረ ተይ እንግዲህ! ሰው ምን ይለኛል?"

"ደረጃው ተወትፏል፤ ሰው ከየት ይመጣል?"

ሳቁ። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ቀዩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባሌ እንዳሳየኝ የሳንቲም መቀበያውን በር ከፍቼ ሳንቲም ሲገባ የምትነካውን ትንሽ ብረት በጣቴ ተጫንኩ፤ ማሽኑ ተነሳ።

የመጀመሪያውን ጉዞ አልረሳውም። መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዘው ሄዱ። ሌሎቹ መኪኖች እንደ ጥይት እየተወነጨፉ ያልፏቸዋል። "እለፉ፣ እለፉ፣ ምን ቸገረኝ" ይላሉ። ነዳጁን ግን አይረግጡም፤ እግራቸው ፈራ። መንገዱ የሚጀምረው ከባሕሩ ርቆ፣ ማሽኑ የሚሰጠው ጊዜም አጭር ስለሆነ ገና ወደ ባሕሩ ሳይደርሱ አበቃ። ደግሜ አስነሳሁት። አሁንም አበቃ። በሦስተኛው እኔ እግራቸው ሥር ገብቼ ተንበረከክሁና ነዳጁን በእጄ ተጫንኩ። እሳቸው መሪ፣ እኔ ነዳጅና ፍሬን ሆንን።

እኔ ካለሁበት መስተዋቱ አይታይም። የማየው የአማቴን ነጠላ ጫማና የወለሉን አቧራ ነው። "ምን ይታያል?" እላለሁ፣ እሳቸው ይነግሩኛል።

"ቁልቁለት ነው። ቀስ በይ... በቃ ልቀቂው። ሜዳ ነው አሁን፣ ርገጪ!"

"ባሕሩስ?"

"ገና ነው። ሚሌን እንለፍ።"

ሚሌ የሚባል የአሰብ መንገድ ከተማ እዚያ ማሽን ውስጥ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ሚሌን አለፍን። ሎጊያ ላይ ሙቀቱን ፈርተን መስኮት ከፈትን። ኤሊዳር ላይ ግመሎች መንገድ ዘግተውብን ፍሬን ያዝኩ። ባላቸው ከየጉዞው ሲመለሱ የነገሯቸውን ሁሉ በየተራው አወጡት፤ የት ላይ ውሃ እንደሚገኝ፣ የት ላይ ጎማ እንደሚፈነዳ፣ ነፋሱ ከየት ጀምሮ ጨው ጨው እንደሚል። ጊዜው ያበቃል፣ አስነሳዋለሁ፣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ክንዴ ዝሏል፤ ግን እንዳያቆሙ እፈራለሁ። መስኮቷ ላይ የሚያልፉት እግሮችም ወደ አንድ ቦታ የሚጓዙ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ጊዜ ላይ ወንበሩ ላይ እንዳሉ ወደ ፊት ተጠጉ።

"እማዬ? ምን ይታያል?"

"ቆይ" አሉኝ በቀስታ። "እሱ ነው።"

ነዳጁን ለቀቅሁ። መኪናው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ መሰለኝ፣ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። የጨዋታው ሙዚቃ ብቻ ቀረ። ከሥራቸው ወጥቼ ለማየት አልደፈርኩም። እዚያው ተንበርክኬ የእግራቸውን ጣቶች ሳይ ቆየሁ።

ጋሼ አናጢ ይዘው ሲመለሱ ሁለት ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። አናጢው የደረጃውን ድጋፍ ፈታ፣ ባሌ የማሽኑን ጀርባ ነቀለ፣ ጋሼ ግድግዳውን ሳሙና ቀቡት። "አሁን ሁላችሁም እጃችሁን ጣል አድርጉበት፣ እንዳትገፉ" አሉ። ማሽኑ በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ታጠፈ። ባሌ ተጨንቆ ሮጦ ሲገባ እናቱን መሪ ይዘው፣ ሚስቱን መሬት ላይ አገኘ።

"ተራህን ጠብቅ" አሉት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ማሽን ወጣ፣ ማሽን ገባ። ጥቁሩ ተጠግኖ ሄደ፤ ሌሎች መጡ፣ እነሱም ሄዱ። ጋሼና ሰዎቻቸው ደረጃችንን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የመኪናው ማሽን ግን አልተንቀሳቀሰም። ገዢ ሲመጣ ባሌ "ፍሬኑ ችግር አለበት" ይላል። ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ አማቴ "ልጄ፣ መንገድ አንወጣም?" ይሉኛል፤ እንወርዳለን። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ መንበርከክ ስላቃተኝ ነዳጁን ራሳቸው መርገጥ ተማሩ። እኔ ጆንያው ላይ ጋደም ብዬ፣ ሰማያዊው ብርሃን ጣሪያው ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ፣ ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላውቅም።

ኋላ ሰፈሩ ሊነሳ ነው ተባለ። ለእኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን፤ ሊፍት የለውም። ባሌ ማሽኑን ለመበታተን፣ በገመድ ለመሳብ፣ በረንዳ ላይ ለማቆም አሰበ። ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለ። አማቴ ሥዕሉን አይተው መለሱለት።

"ተወው፣ የኔ ልጅ። ለሚጫወትበት ስጠው።"

ሐዋሳ ላይ የልጆች መጫወቻ የሚከፍት ሰው ተገኘ። የማውጫው ቀን ጠዋት ጋሼ መጡ፤ አሁን ራሳቸው አይሸከሙም፣ አፋቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ማሽኑ ለሁለት ተከፍሎ ደረጃውን ወጣ፣ ታጠፈ፣ ወጣ። ምንም አልነካም። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

"እንዲህ ቀላል ኖሯል?" አሉ። ቅር ያላቸው መሰሉ።

መኪናው ላይ ሲጭኑት ወጥተው ቀዩን ወንበር በብርድ ልብስ ራሳቸው ሸፈኑት። ገዢውን "ሐዋሳ ሐይቅ አለ አይደል?" ብለው ጠየቁት። "አለ እናቴ" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አይሱዙው በጋሪና በተሸካሚ መሃል እየተሽሎከለከ እስኪጠፋ ድረስ ቆመን አየነው። ባሌ ዓይኑን ጠርጎ አቧራ ነው አለ።

ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው "ነይ፣ በርበሬ በረንዳ እንሂድ" አሉኝ። "አዲሱ ሰፈር ያለው በርበሬ ምን እንደሚመስል አላህ ነው የሚያውቀው።" ሕዝቡ ውስጥ ስንገባ ክንዴን ያዙ። እንዲህ ይዘውኝ ሄደው አያውቁም፤ ቀለል ያለች ክብደት ነበረቻቸው። ከዛላው እፍኝ አንስተው እያሸተቱ፣ እያስነጠሱ፣ ከአንዱ ነጋዴ ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ከሌላው ጋር ሲሳሳቁ፣ ቀኑ በዚያው አለቀ።