ልጅቷን ሊያዩ የመጡት እናት

ልደታ ካፌ ውስጥ ባዶ ወንበር የማንም ነው፤ ሰው «ይቻላል?» ብሎ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ ጋ መጽሐፌን ገልጬ ማኪያቶ ስጠጣ ነጠላ የለበሱ እናት እንዲሁ ብለው ተቀመጡ። ወዲያው አንዲት ወጣት ሦስተኛውን ወንበር ያዘች።

እናትየዋ እጄን ያዝ አድርገው፣ «መስኮቱ ጋ ትጠብቅዎታለች ብለውኝ ነበር። ስታምሪ! ልጄም እንዳንቺው ዝምተኛ ነው፤ ትግባባላችሁ» አሉኝ።

ለልጃቸው ሚስት ሊያዩ መጥተው ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኛል። አፍሬ ዝም ስል «ጨዋ!» ብለው ኬክ ሊያዙልኝ ወደ አስተናጋጇ ዞሩ።

እንደምንም፣ «እማማ፣ እኔ እኮ...» ከማለቴ ወጣቷ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ።

«የመጡት እኔን ሊያዩ ነው፤ አደራሽን ዝም በይ» ብላ አንሾካሾከችልኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ግን ቁጡ ነው እንዴ?» አለቻቸው።